ክርክር፦ ሐኪም ክስ ሲፈራ መንገድ ላይ የሚቀረው ማን ነው?

አወያይ፣ ደብረ ብርሃን፦
እንዴት አመሻችሁ ወገኖቼ። የዚህ ሳምንት ጥያቄያችን ከበድ ያለ ነው። ሰሞኑን ሁለት ሰዎች በግል ጻፉልኝ። አንዱ ሐኪም ነው። «በሽተኛ ሳይ መጀመሪያ የሚታየኝ ክሱ ነው» አለኝ። ሌላው እህቱን ይዞ ሌሊቱን ሙሉ የተንከራተተ ወንድም ነው። «ሐኪም የማይጠየቅበት አገር ላይ ነው ያለነው» አለኝ። ሁለቱንም አስፈቅጃቸዋለሁ፤ ዛሬ እዚሁ አሉ። ጥያቄው ይኸው፦ ሐኪም በሙያ ስህተት መከሰሱ በሽተኛውን ይጠብቀዋል ወይስ ሐኪሙን አስፈርቶ መልሶ በሽተኛውን ይጎዳዋል? የሰውም የሆስፒታልም ስም አንጠራም። ስድብ የለም። ዶክተር ይጀምሩልን።

ጠቅላላ ሐኪም፣ መንዝ፦
አመሰግናለሁ። በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ስሠራ አራተኛ ዓመቴ ነው።

ክስን ፈርቶ ማከም የራሱ መልክ አለው። ሐኪሙ አንድን ነገር የሚያደርገው በሽተኛውን ስለሚጠቅም ሳይሆን ነገ ቢጠየቅ መልስ እንዲኖረው ብሎ ነው። ሀብታም አገር ላይ ይህ ፍርሃት በመጨመር ይወጣል። የማያስፈልግ ሲቲ ስካን፣ የማያስፈልግ ደም ምርመራ ይታዘዛል። እኛ ጋ ምን የሚጨመር አለ? ሲቲ ስካን የለንም። የእኛ ፍርሃት የሚወጣው በመሸሽ ነው። መሸሻችን ደግሞ አንዲት ወረቀት ናት። ሪፈር።

አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንዲት እናት መጣች። ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን ወልዳለች። ምጧ ገፍቷል። ኦፕራሲዮን ክፍላችን ዝግጁ ነው። የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያውም የማደንዘዣ ባለሙያውም ግቢ ውስጥ አሉ። ደም ግን ሁለት ከረጢት ብቻ ነው ያለን። ሦስታችን ተያየን። አንድም ሰው «እንሥራላት» አላለም። ባለሙያው ወረቀቱን ሳብ አደረገና «ለተሻለ ሕክምና ተልካለች» ብሎ ጻፈ። እኔም ፈረምኩ። ስፈርም ትዝ ያለኝ ሌላ ወረዳ የሚሠራ የክፍል ጓደኛዬ ነው። እናት ሞታበት 11 ቀን ፖሊስ ጣቢያ አድሯል። ኋላ ተጣርቶ ጥፋት የለበትም ተባለ።

ያቺ እናት በሰላም ወለደች። ግን በሰላም መውለዷ እኔን ትክክል አያደርገኝም። ጣርማ በር ላይ ጭጋጉ ቢዘጋቸውስ? ጎማ ቢፈነዳስ? ያን ሌሊት ያሰብኩት ስለ እሷ ማህፀን አልነበረም። ስለ ራሴ ነበር። እዚህ የመጣሁት ይህንን ለመናገር ነው።

ወንድም፣ ጅሩ፦
ዶክተር፣ እውነቱን ስለነገሩን አመሰግናለሁ። ያቺ ወረቀት እኛ እጅ ላይ ስትደርስ ምን እንደምትመስል ደግሞ እኔ ልንገርዎ።

እህቴ ሦስተኛ ልጇን ልትወልድ ነበር። ምጥ ከያዛት አንድ ቀን አልፏል። ሆስፒታል ይዘናት ስንገባ ገና ዓይን ለዓይን ይተያያል። አልጋ ሰጧት፣ ግሉኮስ ሰቀሉላት። አንዱ ይገባል፣ አንዱ ይወጣል። «ልጁ ትልቅ ነው» አሉን። የኦፕራሲዮን ክፍሉ መብራት በርቶ ይታየኛል። አረንጓዴ የለበሱ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ይነጋገራሉ። እንግዲህ ሊያስገቧት ነው ብዬ ደም የሚሰጡ ሦስት ጎረቤቶች በስልክ ጠራሁ። ሰዎቹ መጡ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ኮሪደር ላይ ተቀመጡ። ሌሊት ላይ ወረቀት ሰጡኝ። «ደብረ ብርሃን ውሰዷት» አሉኝ። ለምን ስል «ለእሷው ብለን ነው» ተባልኩ።

አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል። ሚኒባስ ተከራየን። የዓመቱ ጤፍ የተሸጠበት ብር እዚያው አለቀ። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ማህፀኗ ተቀዷል ተባለ። ልጁ አልተረፈም። እሷን አተረፉልን፣ እግዜር ይስጣቸው። ማህፀኗ ግን ወጣ። 32 ዓመቷ ነው።

ኋላ ነው የሰማሁት። ከሳምንት በፊት ከዚያ ሆስፒታል አንድ ባለሙያ ታስሮ ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ የቀሩት ከበድ ያለ ነገር አይነኩም ነበር አሉ። እንግዲህ ፍረዱኝ። ሞክረው ቢያቅታቸው እኔ አልከስም ነበር። እግራቸውን ስሜ ነበር የምሄደው። የምጠይቀው ስላልሞከሩት ነው። ላልሞከረ ሰው የትኛው አንቀጽ ነው ያለው?

ነጋዴ፣ ሸዋ ሮቢት፦
ይታሰሩ ነው እኔ የምለው። ሾፌር ሰው ሲገጭ ይታሰራል አይደል? ሐኪም ከሾፌር በምን ይበልጣል? ሲያድን ይመሰገናል፣ ሲገድል ይጠየቅ።

ጠቅላላ ሐኪም፣ መንዝ፦
ወንድሜ፣ ሾፌር የሚጭነው ጤነኛ ሰው ነው። እኛ ጋ የሚመጣው አፋፍ ላይ የደረሰ ነው። ሾፌሩ ባይነካው ሰውየው በሰላም ቤቱ ይገባል። እኔ ባልነካው ይሞታል። ልዩነቱ ይኼ ነው።

የሕግ ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን፦
ሕጉን ሳናየው አንከራከር። ሾፌርን ያነሱት ወንድሜ ሳያውቁት ሕጉን ነው የጠቀሱት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው ስለመግደል ነው። ንዑስ አንቀጽ 2 የሌላውን ሰው ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበትን ሰው ለይቶ ያወጣዋል። በምሳሌነት የጠራው ሐኪምንና አሽከርካሪን ነው። ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3 ሺህ እስከ 6 ሺህ ብር መቀጮ ነው።

ሐኪሞች ሁሉ ይህንን ያውቃሉ። አንቀጽ 70ን ግን ሲያነሱ አልሰማም። እሱ ደግሞ ሙያው በሚቀበለው አሠራር የተሠራ ሥራ፣ ከባድ የሙያ ጥፋት እስካልተፈጸመበት ድረስ፣ አያስቀጣም ይላል። ሰው ስለሞተ ብቻ ወንጀል ተፈጸመ አይባልም።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። አንድ ሐኪም ሙያውን ጠብቋል አልጠበቀም የሚለውን መመለስ የሚችለው የሙያው ሰው ነው። ለዚህ የጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ። ፖሊስም ፍርድ ቤትም አስተያየቱን ይጠይቁታል። ግን መልሱ እስኪመጣ ጊዜ ይፈጃል። ሐኪሙ እስከዚያ የት ይቆያል? ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ሲቀርብ ደግሞ ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ እስከ 14 ቀን የሚደርስ ቀጠሮ ሊጠይቅበት ይችላል። የዶክተር ጓደኛ 11 ቀን ያደረው እዚህ መሐል ነው። መጨረሻ ላይ ነፃ ነህ ቢባልም 11ዱን ቀን የሚመልስለት የለም። ባልደረቦቹም የሚያስታውሱት ነፃ መባሉን አይደለም፤ እጁ ተይዞ ሲወጣ ያዩትን ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ወንድሜ ከጅሩ፣ ለጠየቁት ደግሞ መልሱ ያማል። ያለ በቂ ምክንያት አልረዳም ያለ የጤና ባለሙያን የወንጀል ሕጉ ይቀጣል። ሪፈር የጻፈን ሰው ግን አልረዳም አለ ማለት ይከብዳል። ወረቀቱ ላይ ረድቷል።

ወንድም፣ ጅሩ፦
እንግዲህ ፍርሃቱ ሕግም አለው ማለት ነው። የሠራ ይታሰራል፣ የሸኘ ይድናል።

አዋላጅ ነርስ፣ መርሐቤቴ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ አሁን ግን ልናገር። 14 ዓመት አዋልጃለሁ። ወንድሜ፣ ያንተ እህት ታሪክ አልቅሼ ነው ያነበብኩት።

ግን ሁሉንም ነገር በክስ አናሳብብ። ሪፈር ሁሉ ፍርሃት አይደለም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም። የማደንዘዣ ባለሙያው አንድ ነው፤ እሱም ይታመማል። ከወለደች በኋላ ደም የሚፈሳት እናት ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ልትሞት ትችላለች። ደም የሌለው ቤት ውስጥ ይዣት ብቆይ ማን ይጠቀማል? በጊዜ መላክም ሕክምና ነው። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ስትልካት ምን አድርገህላት ላክሃት? የደም ግፊቷ ለጨመረው መንቀጥቀጥ የሚከላከለውን ማግኒዥየም ሰጥተሃታል? ደም ሥሯ ተከፍቷል? ለተቀባዩ ሆስፒታል ደውለሃል? አብሯት የሚሄድ ባለሙያ አለ? ይህ ሁሉ ተሟልቶ የተጻፈ ሪፈርና እንዲያው «ለተሻለ ሕክምና» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ሪፈር አንድ አይደሉም። ፍርሃት ያለበትን ከወረቀቱ አይቼ እለየዋለሁ። ፈሪ ሰው አጭር ይጽፋል።

ሌላ ሰው የማይናገረውን ደግሞ እኔ ልናገር። ፍርሃቱ ካርዱንም ያበላሸዋል። የምጥ መከታተያ ቅጽ አለን፣ ፓርቶግራፍ እንለዋለን። የልጁ ልብ ምት በየ30 ደቂቃው እየተለካ ነጥብ በነጥብ ይሞላል። ነገር ሲበላሽ ግን ኋላ ተቀምጦ የሚሞላ አለ። ነጥቦቹ ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ አጻጻፍ፣ ቀጥ ብለው ይሰለፋሉ። ሲያዩት ያምራል። ስድስት ሰዓት የፈጀ ምጥ ላይ እንደዚያ የሚያምር ቅጽ የለም።

ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ የእናቶች ሞት የሚጣራበት አሠራር አለን። አንዲት እናት ስትሞት ባለሙያዎቹ ተቀምጠው የት ዘገየን ይላሉ። ደንቡ ስም አይጠራም፣ ማንም አይወቀስም ነው። የሚሠራው ሰው እውነት ሲናገር ብቻ ነው። ግቢው ውስጥ የታሰረ ሰው ካለ ግን ማን እውነት ይናገራል? «ዘግይታ መጣች» ተብሎ ይጻፍና ያልፋል። ጥፋቱ ሁሌ የሟቿ ይሆናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ስንል ለበሽተኛ ብቻ ይመስለናል።

የሕክምና ተማሪ፣ 5ኛ ዓመት፦
ሲስተር፣ ስለ ቅጹ የተናገሩት ልብ ይነካል። እኔ የምጨምረው አጭር ነው። ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ምን እንደምንማር ስንነጋገር፣ ማህፀንና ጽንስ ሲባል ፊታቸው ይለወጣል። ቆዳ ይሻላል፣ ራዲዮሎጂ ይሻላል ይላሉ። ምክንያታቸውን ስጠይቅ «እዚያ ፖሊስ አይመጣም» ይሉኛል። ገና ሳንመረቅ ነው የምንሸሸው። ስለዚህ የሙያ ስህተት ከወንጀል ሕጉ ጨርሶ ይውጣ ባይ ነኝ።

ጡረተኛ ጤና ረዳት፣ አንኮበር፦
ልጄ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ታሪክ ልንገርህ፤ ቤተሰቤ እንኳ በሙሉ አያውቀውም።

በ1967 ነው ሥራ የጀመርኩት። ያኔ ሐኪም የሚከስ ሰው አልነበረም። እኛ ነጭ ካፖርት ስንለብስ ለሕዝቡ ሐኪም ነን። አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ ጉሮሮውን ታሞ መጣ። ፔኒሲሊን ወጋሁት። አስቀድሜ ቆዳው ላይ መሞከር ነበረብኝ፤ ተምሬዋለሁ። ወረፋው ረጅም ነበር፣ አልሞከርኩም። ሰውየው ከመቀመጫው ሳይነሳ ፊቱ አበጠ። ትንፋሽ አጠረው። እጄ ላይ ሞተ።

ቤተሰቡ ምን አለ መሰለህ? «ቀኑ ደርሶ ነው» አሉ። ለቅሶ ስሄድ ከፊት አስቀመጡኝ። ተዝካሩ ላይ ጠሩኝ፣ አክብረው አበሉኝ። እናቱ እጄን ሳመችው። ያንን እጅ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ጤና ጣቢያው ውስጥ የነበሩት ባልደረቦቼም ሳይሞክሩ መውጋታቸውን አልተዉም፤ ምክንያቱም የሆነውን የሚያውቅ አልነበረም።

ስለዚህ ፍርሃት ብቻ አይደለም የሚገድለው። አለመጠየቅም ይገድላል። እኔ ያን ጊዜ ልታሰር ይገባኝ ነበር ወይ? አላውቅም ልጄ። ልጠየቅ ግን ይገባኝ ነበር። አንድ ሰው መጥቶ «ምን ሆነ?» ቢለኝ ኖሮ እናገር ነበር።

የሕግ ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን፦
ጋሼ፣ እናመሰግናለን። ይህንን መናገር ቀላል አይደለም።

ለተማሪው የምመልሰው ይህ ነው። ከወንጀል ሕጉ ጨርሶ አይወጣም፣ መውጣትም የለበትም። ሰክሮ ቀዶ ሕክምና የገባ፣ ያልተማረውን የቆረጠ፣ ደም የሚፈሳትን ጥሎ የሄደ ሰው በወንጀል ይጠየቃል። ሕጉ «ከባድ የሙያ ጥፋት» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው።

ሌላ ያልተነሳ ነገር አለ። ሰው ለምን ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል? ሐኪሙን ማሳሰር ስለሚፈልግ ብቻ አይደለም። ሌላው በር ስለተዘጋ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ካሳ ይፈቅዳል። አንቀጽ 2651 ሆስፒታሉ የቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ባጠፉት ጥፋት ለደረሰ ጉዳት ራሱ ይጠየቃል ይላል። ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ግን ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ጣሪያ በአንቀጽ 2116 መሠረት 1 ሺህ ብር ነው። ሕጉ በወጣበት በ1952 ዓ.ም. ገንዘብ ነበር። ዛሬ ምስክሮችን ሁለት ቀን ለማመላለስ እንኳ አይበቃም። ለወጪና ለታጣ ገቢ ጣሪያ የለውም፤ ማስረዳት ግን ያስፈልጋል። ገበሬ የታጣ ገቢውን በምን ደረሰኝ ያስረዳል? የዳኝነት ክፍያ አለ፣ ጠበቃ አለ፣ የባለሙያ ምስክር አለ። ፖሊስ ጣቢያ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ስለዚህ ሐዘንተኛው ያለችውን አንዷን በር ያንኳኳል። የካሳው መንገድ ቢስተካከል ግማሹ ሰው ሐኪም ማሳሰር አያስፈልገውም ብዬ አምናለሁ።

ነርስ፣ ሜሪላንድ (የደብረ ሲና ልጅ)፦
ካለሁበት አገር ያለውን ልጨምር፤ እንዳትመኙት ብዬም ነው። እዚህ ሐኪም በሙያ ስህተት የሚታሰረው እጅግ ጥቂት ነው። የሚፈራው ገንዘቡን ነው። ጠበቃው አስቀድሞ አያስከፍልም፤ ካሸነፈ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ድሃም መክሰስ ይችላል። ይሄ ጥሩ ጎኑ ነው።

ሌላው ጎን ደግሞ አለ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ2005 የወጣ ጥናት አለ። በፔንሲልቬንያ ክስ በሚበዛባቸው ሙያዎች የሚሠሩ 824 ሐኪሞች ተጠየቁ። 93 ከመቶዎቹ ክስ ፈርተን የምናደርገው ነገር አለ አሉ። በቅርቡ ፈርተው ያደረጉትን ከዘረዘሩት ውስጥ 43 ከመቶው ሳያስፈልግ ራጅና ሲቲ ስካን የመሰለ ምርመራ አዘናል አሉ። ከተጠየቁት 42 ከመቶው ደግሞ አስቸጋሪ ሥራዎችን መተው፣ ውስብስብ በሽተኞችን መሸሽ ጀምረናል አሉ። ዶክተር ከመንዝ «መጨመርና መሸሽ» ያሉት ሁለቱም እዚህ አሉ። እኔም በየቀኑ አየዋለሁ። ራሷን ያመማት አሮጊት ሲቲ ስካን ገብታ ትወጣለች። ሐኪሙ ምንም እንደማያገኝ ያውቃል። እሷም በኋላ ሂሳቡ ይመጣባታል።

ቴክሳስ በ2003 ለሕመምና ለሐዘን በሚከፈለው ካሳ ላይ በሐኪሞች በኩል የ250 ሺህ ዶላር ጣሪያ አስቀመጠች። ክሱ ቀነሰ። የሕክምናው ወጪ ግን እንደተባለው አልወረደም። ፍርሃት አንዴ ልማድ ከሆነ ሕግ ሲለወጥ ወዲያው አይለቅም።

ሌላም ነገር አለ። በ1984 ኒውዮርክ ውስጥ ሆስፒታል ተኝተው የታከሙ ከ30 ሺህ በላይ በሽተኞች ካርድ ኋላ ተመርምሮ ነበር። በቸልተኝነት ከተጎዱት መካከል የከሰሱት 2 ከመቶ እንኳ አይሞሉም። ከከሰሱት ውስጥ ደግሞ ብዙዎቹ በቸልተኝነት የተጎዱ አልነበሩም። እንግዲህ ክስ ጥፋተኛን ለይቶ አያገኝም ማለት ነው። እንደ በረዶ ነው፤ የማንን ማሳ እንደሚመታ አይታወቅም።

ነጋዴ፣ ሸዋ ሮቢት፦
እህቴ፣ ታዲያ ምን ይሁን? ሁሉም ጉድለት አለው ካልሽ እኛ ዝም ብለን እንቅበር?

ነርስ፣ ሜሪላንድ፦
አይደለም ወንድም ጋሼ። ሁለት ያየሁትን ልንገርዎ። ኒውዚላንድ ከ1974 ጀምሮ በአደጋ የተጎዳን ሰው ጥፋተኛ ሳይፈለግ ከአንድ የሕዝብ ቋት ይክሱታል። በሕክምና የተጎዳም በዚያው ውስጥ ነው። ሰውየው ካሳ ለማግኘት ሐኪሙን ጥፋተኛ ማስባል የለበትም። ሐኪሙ የሚጠየቅበት መንገድ ደግሞ ለብቻው ነው።

ሁለተኛው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ከ2001 ጀምሮ ስህተት ሲሠሩ ራሳቸው ቤተሰቡን ጠርተው ይናገራሉ። ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ የሚካስ ካለ ሳይከሰሱ ይክሳሉ። ጥፋት ከሌለባቸውም ለምን እንደሌለባቸው ያስረዳሉ። ሁሉም ሰው ክስ ይጥለቀለቃል ብሎ ነበር። ክሱ ቀነሰ።

አወያይ፣ ደብረ ብርሃን፦
እኔም የማስበውን ልናገር። ኒውዚላንድ ሩቅ ነው፤ ቋቱን የሚሞላ ገንዘብ ከየት ይመጣል እላለሁ። ቤተሰቡን ጠርቶ መናገር ግን ገንዘብ አይጠይቅም። እኛ ደግሞ ለዚህ እንግዳ አይደለንም። በዚህ አገር ሰው ገድሎ እንኳ በሽማግሌ፣ በካህን ፊት ቆሞ «አጥፍቻለሁ» ይላል፤ ጉማ ይከፈላል፣ ዕርቅ ይወርዳል። ሆስፒታል ግቢ ስንገባ ግን ይህ ሁሉ ቀርቶ ዝምታ ብቻ ይሆናል። ለምን?

ጠቅላላ ሐኪም፣ መንዝ፦
እኔ ልመልስ። «አትናገር» ስለምንባል ነው። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚመጣው ቃል ይኼ ነው፤ ከአስተዳደሩም፣ ከባልደረባም። ይቅርታ ካልክ አመንክ ይባላል። «አዝናለሁ» ማለት እንኳ ያስፈራል። አንድ ጊዜ አባቱ የሞቱበት ልጅ ኮሪደር ላይ ጠበቀኝ። «ዶክተር፣ ምን ሆነው ነው?» አለኝ። ላብራራለት እችል ነበር። ጥፋትም አልነበረብኝም። «ካርድ ክፍል ጠይቅ» ብዬው አለፍኩ። ልጁ በማግስቱ ጓደኞቹን ይዞ መጣ፤ መስኮት ተሰበረ። ዛሬ ሳስበው መስኮቱን የሰበረው የአባቱ ሞት አይመስለኝም። የእኔ መልስ ነው።

አዋላጅ ነርስ፣ መርሐቤቴ፦
ዶክተር፣ ይህንን እኔም አውቀዋለሁ። ደግሞ ሰው የሚመስለው ፊርማው ይበቃናል ነው። ከኦፕራሲዮን በፊት ቅጽ እናስፈርማለን። ማንበብ የማይችለውን አውራ ጣቱን ቀለም ነክረን እናስነካዋለን። «ለሚመጣው ሁሉ አልጠይቅም በል» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ።

የሕግ ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን፦
ያ ፊርማ ሕክምናውን መፍቀድ ነው እንጂ ቸልተኝነትን ይቅር ማለት አይደለም። ሐኪሙን አያድነውም። ምን ሊደረግለት እንደሆነ በሚገባው ቋንቋ ሳይነገረው ያስፈረሙት ከሆነ ጭራሽ ፈቃድም አይደለም።

የሕክምና ተማሪ፣ 5ኛ ዓመት፦
ጋሼ ከተናገሩ በኋላ ሐሳቤ ተናውጧል። ከወንጀል ጨርሶ ይውጣ ማለቴን ትቻለሁ። ግን የኮሚቴው አስተያየት ሳይመጣ ማንም አይታሰር በሚለው እጸናለሁ። ሐኪሙ አይጠፋም፣ አይሸሽም፤ ደመወዙም ቤቱም እዚሁ ነው። ዋስ ጠርቶ እየሠራ ይጠየቅ።

ነጋዴ፣ ሸዋ ሮቢት፦
ይሄኛው ይገባኛል። ኮሚቴው ግን ሐኪም ለሐኪም ነው። ወንድም ወንድሙን ይከሳል ወይ? እዚያ ላይ የእኛም ሰው ይቀመጥበት። ውሳኔውም ቤታችን ድረስ በጽሑፍ ይምጣ። ያለዚያ አላምነውም።

ጠቅላላ ሐኪም፣ መንዝ፦
ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ባልደረቦቼ አይወዱልኝ ይሆናል።

ወንድም፣ ጅሩ፦
ሁላችሁንም አነበብኩ። ስለ ኒውዚላንዱም፣ ስለ አንቀጹም ተምሬያለሁ። እኔ ግን አንድ ነገር ነው የምፈልገው። ያቺ ወረቀት አለችኝ። ኮፒዋን ደብረ ብርሃን አስነስቼ በፌስታል ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ አኑሬያታለሁ። እኔ ማንበብ የምችለው ሰዓቱን ብቻ ነው። የደረሰችበት ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ30 ይላል። የተላከችበት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ10 ይላል። ቀሪው በእንግሊዝኛ ሦስት መስመር ናት። ከ12 ተኩል እስከ 7 ሰዓት ምን ሲደረግ ነበር? እህቴ በየቀኑ የምትጠይቀኝ ይህንን ነው። «ልጄ መቼ ነው የሞተው? እዚያ እያለሁ ነው ወይስ መንገድ ላይ?» ትለኛለች። እሷ የምታስበው ሚኒባሱ ውስጥ አንዴ ስለተገላበጠች የገደለችው መስሏት ነው።

አዋላጅ ነርስ፣ መርሐቤቴ፦
ወየው እህቴ። በመገላበጥ ልጅ አይሞትም። ይህንን ዛሬውኑ ደውልና ንገራት። እባክህ፣ አሁን።

የሕግ ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን፦
የራሷን የሕክምና መረጃ የመጠየቅ መብት አላት። ሙሉ ካርዱ እንዲሰጣት በእሷ ስም ማመልከቻ እጽፍላችኋለሁ፤ ክፍያ የለውም። ለክስ ትጠቀሙበት አትጠቀሙበት እሱ የእናንተ ነው።

ጠቅላላ ሐኪም፣ መንዝ፦
ካርዱ ሲወጣ እኔ ቁጭ ብዬ በአማርኛ አነብላችኋለሁ። እህትህም ትምጣ። ሥራውን የሠሩት ባልደረቦቼ ናቸው፤ ቢሆንም ያየሁትን እንዳለ እነግራችኋለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ተረኛ አይደለሁም።

ወንድም፣ ጅሩ፦
ቅዳሜ ገበያ እመጣለሁ ዶክተር። እህቴን አሁን ደውዬላት ነበር። ስለ መገላበጡ ነገርኳት። ሲስተር ናት ያለችሽ አልኳት። «ደግመህ ንገረኝ» አለችኝ። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።